በመዝገብ ያለ፣ በወንበር የሌለ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ውርጭ ተሻግሮ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ፣ ደጋው አልቆ የዓባይ በረሓ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው፣ በሰሜን የሳይንት ተራሮችና የደንቆሮ ጫካ፣ በደቡብ ወግዲና ከላላ በሚያዋስኑት የደቡብ ወሎ ቦረና ከፍታ ላይ መካነ ሰላም ይደርሳል። በዚህ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማለት ለብዙው የገበሬ ልጅ ከእናት ጓዳ መውጣት ማለት ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን በቀበሌው ከጨረሰ በኋላ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው በወረዳው ከተማ ወይም የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ሌላ ቀበሌ ስለሆነ፣ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ወጡን በተራ እየሠሩ፣ በአንድ አምፖል፣ መብራቱ በጠፋ ጊዜም በኩራዝ እያጠኑ ይከርማሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደየቀያቸው ይበተናሉ፤ እሑድ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን በማዳበሪያ ቋጥረው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ዐቀበቱን ሲወጡ ይታያሉ። የሳምንቱ ትምህርት የሚሰነብተው በዚያ ቋጠሮ ልክ ነው፤ ቋጠሮው ረቡዕ ካለቀ ልጁ ሐሙስን የሚውለው ወይ በባልንጀራው ስንቅ፣ ወይ በባዶ ሆድ፣ ወይም ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ከእሑዱ መንገደኛ ማን እንደ ተመለሰና ማን እንደ ቀረ የሚታወቀው ሰኞ ጧት፣ የሰንደቅ ዓላማው ሥርዐት ተፈጽሞ፣ የክፍሉ ኃላፊ መምህር የስም መቆጣጠሪያውን ገልጦ መጥራት ሲጀምር ነው። በመስከረምና በጥቅምት አብዛኛው ስም መልስ ያገኛል። ኅዳር ሲጠባ፣ ስንዴውና ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ፣ በየስሙ ትይዩ ቀሪ የሚለው ምልክት መደርደር ይጀምራል፤ መምህሩም በሦስተኛው ሰኞ ዝም ብሎ ማለፍ ስለማይሆንለት «የት ሄዶ ነው?» ብሎ ክፍሉን ይጠይቃል። መልሱ ከኋላ ወንበር ይመጣል፦ «ታሟል»፣ «አጨዳ ላይ ነው»፣ «መተማ ወርዷል ይባላል»፣ «እሷማ ተዳረች»፣ «ደሴ አክስቷ ዘንድ ገብታለች መሰል»። መምህሩ ይህን በእርሳስ በገጹ ጠርዝ ላይ ይጭረዋል፤ በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ሮስተሩ ሲዘጋጅ ግን የጠርዙ ጽሑፍ ወደ ሮስተሩ አይሸጋገርም፤ በስሙ ላይ ቀይ መስመር ይሰመርበትና ነገሩ ያበቃል። የአምስቱ ልጆች ዕድል አምስት ዓይነት ሳለ የተሰመረባቸው መስመር አንድ ዓይነት ነው።

የዚህ ሐተታ ነገርም በዚያ መስመር ላይ ነው። ትምህርቱን ያቋረጠውን ልጅ ብዛት እናውቃለን የምንል ሁሉ፣ ከሚኒስቴሩ እስከ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በእውነቱ የምናውቀው የወንበርን ብዛት እንጂ የልጁን ነገር አይደለም፤ ወንበሩም ቢሆን በደጋሚ ወይም በአዲስ ገቢ በተሞላ ጊዜ ባዶነቱ ራሱ ከሒሳብ ይሰወራል። ማቋረጥንና ማጠናቀቅን በትክክል ለመለካት የሚቻለው፣ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ከተመዘገበበት ዕለት ጀምሮ በስሙና በመለያ ቍጥሩ ተከታትሎ፣ ወደየትም ቢሄድ መጨረሻውን በመጻፍ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ የወጣው ስሌት ሁሉ ግምት ነው፣ ግምትም በየዓመቱ ታትሞ በወጣ ቍጥር እውነት እየመሰለ ይሄዳል።

ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውድቀት በአገራችን ሲነገር ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሣው አንድ አኃዝ አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው የመልቀቂያውን ፈተና ሲፈተኑ፣ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ይኸውም 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ባስታወቁ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ እንደ መርዶ ተቀበለው። በማግሥቱ ዓመት ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 ከመቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 መካከል 36,409፣ ማለትም 5.4 ከመቶ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 መካከል 48,929፣ ማለትም 8.4 ከመቶ። ከ3.3 ወደ 8.4 መውጣት በጎ ነገር ነው፤ ያለፉት ልጆች ብዛት ራሱ በ19 ሺህ ጨምሯልና መሻሻሉን ሐሰት ነው የሚል ቢነሣ እርሱ ራሱ ሐሰተኛ ነው። ነገር ግን ዓይኑን ወደ ተካፋዩ ብቻ ሳይሆን ወደ አካፋዩም የመለሰ ሰው፣ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከፈተናው አዳራሽ 310,638 ተፈታኝ እንደ ጐደለ ያያል። የ2017ቱን አላፊዎች ለ2014ቱ ተፈታኞች ብዛት ብናካፍላቸው የሚገኘው 8.4 ሳይሆን 5.5 ከመቶ ገደማ ነው። ለመጉደሉ ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው፤ ጦርነት አለበት፣ የተዘጋው ትምህርት ቤት አለበት፣ ተስፋ የቈረጠው ልጅ አለበት። ሆኖም ፈተናውን ያልተቀመጠው ከወደቀውም ካለፈውም ስላልተቈጠረ፣ እርሱ በጐደለ መጠን የቀሪዎቹ ከመቶ ያማረ ይሆናል።

የቦረና ገበሬ ስለ ምርቱ ሲነጋገር «ስንት አገባህ?» ከማለቱ በፊት «ስንት ዘርተህ?» ማለቱን አይተውም፤ በአንድ ቍና ዘር አምስት ቍና ያገባና በሦስት ቍና ዘር አምስት ቍና ያገባ እኩል እንዳይደሉ ያውቃልና። የፈተናው ውጤት ግን የአውድማ ሒሳብ ነው፤ ዘሩን የሚጠይቅ የለም።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ በደጋው ላይ አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ እናስብ፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት የተሠሩ ናቸው እንጂ የማንም ትምህርት ቤት መዝገብ አይደሉም። በአንድ መስከረም ወር 100 ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ገቡ። በአራቱ ዓመት ውስጥ 8ቱ መሸኛ ወስደው፣ ተቀባዩ ትምህርት ቤትም መቀበሉን አረጋግጦላቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ፤ በምትካቸው 5 ልጆች ከሌላ ወረዳ መሸኛ ይዘው ገቡ። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ሊጠየቅባቸው የሚገቡት 97 ልጆች ናቸው። ከእነርሱ 46ቱ በጊዜያቸው 12ኛ ክፍል ደርሰው ተፈተኑ፤ 9ኙ ክፍል ደግመው ገና በመማር ላይ ናቸው፤ 18ቱ ማቋረጣቸው ታውቆ ተጽፏል፤ የ24ቱ መድረሻ አልታወቀም። እውነተኛው ሒሳብ እንግዲህ ከ97ቱ 46፣ ማለትም 47 ከመቶ ናቸው በጊዜያቸው የጨረሱት።

አሁን ይህንኑ ክፍል በሌላ ሰው እጅ እናስላው። አንዱ ርእሰ መምህር፣ ምንም ክፋት ሳያስብ፣ የዚያን ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዛት ይቈጥራል፤ ከ46ቱ ጋር ከቀድሞው ዓመት የደገሙ 14 ስለተቀመጡ 60 ያገኛል፤ ከአራት ዓመት በፊት የገቡት 100 ነበሩና «ከመቶ 60ው ደረሰ» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ደግሞ መድረሻቸው ያልታወቀውን 24 ልጆች «ሌላ ቦታ ገብተዋል» በሚል ተስፋ ከተዛወሩት ጋር ይደምራቸዋል፤ ያን ጊዜ አካፋዩ ከ97 ወደ 73 ይወርድና 63 ከመቶ ያገኛል። ሦስተኛው የጽሕፈት ሠራተኛ መጠነ ማቋረጥን በየዓመቱ ለብቻው ይሠራል፤ የታወቁት አቋራጮች በአራት ዓመት 18 ናቸውና በዓመት አራት ወይም አምስት ልጅ ይደርሰዋል፣ በቅጹም ላይ «5 ከመቶ» ብሎ ይሞላል። አምስት ከመቶ ያየ የወረዳ ኃላፊ ደግሞ ምን ያስደነግጠዋል? አንድ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ልጆች፣ ግን 47ም፣ 60ም፣ 63ም፣ በሌላው መንገድ ሲታይ ጕዳት የሌለበት የሚመስል 5 ከመቶም ወጣለት። ከሦስቱ አንዱም አልዋሸም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ የተጠየቀውን በትጋት መልሷል።

ከአራቱ አኃዞች መካከል የትኛው እንደሚታተም የሚወስነው የ24ቱ ልጆች ዕጣ ነው። በዚህ ጕዳይ ላይ አሜሪካኖች በአደባባይ ያፈሩበት ታሪክ አለ። በቴክሳስ የሂዩስተን ከተማ ትምህርት ቤቶች መጠነ ማቋረጣቸው 1.5 ከመቶ ብቻ ነው ተብሎ ሲወደሱ፣ የበላያቸው የነበሩት ሮድ ፔጅም ከዚያው ተነሥተው የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ጋዜጠኞችና መርማሪዎች ሻርፕስታውን የተባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ሲገልጡት፣ በአንድ ዓመት 463 ተማሪ ከወጣበት ትምህርት ቤት ያቋረጠ ተማሪ ዜሮ ነው ተብሎ ተዘግቦ ተገኘ። ለእያንዳንዱ የወጣ ልጅ «ሌላ ትምህርት ቤት ገባ»፣ «ወደ አገሩ ተመለሰ» የሚል መለያ ኮድ ተሰጥቶት ነበር። ግዛቱ 16 ትምህርት ቤቶችን መርምሮ፣ ከወጡት 5,500 ያህል ተማሪዎች ከግማሽ በላዩ አቋራጭ ተብለው መመዝገብ ሲገባቸው እንዳልተመዘገቡ አረጋገጠ። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 የግዛቶቹ ገዢዎች ተሰብስበው በአንድ የአቈጣጠር ሥርዐት ተስማሙ፤ የመንግሥታቸውም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ አጸናው። ሥርዐቱ ከላይ በ97ቱ ልጆች ያሳየነው ነው፦ አብረው የገቡትን አንድ ላይ አስሮ አራት ዓመት መከተል፤ ተዛወረ የተባለውን ልጅ ከሒሳብ ማውጣት የሚቻለውም ተቀባዩ ትምህርት ቤት በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው፣ አለዚያ እንዳልጨረሰ ይቈጠራል። በዚህ መንገድ በአገር ደረጃ መጀመሪያ የተሰላው የእ.ኤ.አ. 2010–11 የማጠናቀቅ መጠን 79 ከመቶ ነበር። በሂዩስተን ከተወደሰው ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ቢመስልም የሚታመን ነበረ፤ ይህም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያሳትመው የትምህርት ስታቲስቲክስ መድበል ከየትምህርት ቤቱ በሚሞላ ቅጽ የሚሰበሰብ ነው፤ ቅጹ ከርእሰ መምህሩ ወደ ጕድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር፣ ከእርሱ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ቢሮ ሲወጣ በየደረጃው ይደመራል። መድበሉ የአገርን ትምህርት በስፋት ለማወቅ ያለው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ቅጹ የሚጠይቀው በየክፍሉ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ደጋሚ መኖሩን እንጂ እገሌና እገሊት የት ደረሱ የሚለውን ባለመሆኑ ነው። መጠነ ማቋረጥም የሚገኘው በተዘዋዋሪ ነው፤ ዘንድሮ በአንድ ክፍል ከነበሩት በሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይ ያለፉትና የደገሙት ተቀንሰው የቀረው ሁሉ አቋራጭ ይባላል። ይህ ስሌት ልጆች ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው በብዛት በማይዘዋወሩበት አገር ይሠራ ይሆናል። ግማሹ ተማሪ ተከራይ በሆነበት፣ ልጁ ዘጠነኛን በወግዲ ጀምሮ አሥረኛን በመካነ ሰላም፣ አሥራ አንደኛን በደሴ በሚማርበት አገር ግን፣ የአንዱ ወረዳ ኪሳራ የሌላው ትርፍ ሆኖ ይጻፋል፤ በሦስቱም ወረዳ ስለዚያ ልጅ የተጻፈው አንዱም አይገጥምም።

በዚህ ላይ ገንዘብ ይጨመርበታል። በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ወዲህ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ድጎማ የሚተመነው በተማሪ ብዛት ነው። ጠመኔውን፣ የጥናት መጽሐፉን፣ የተሰበረውን ወንበር የሚያሠራበት ሌላ ገቢ የሌለው ርእሰ መምህር፣ በጥር የጠፋውን ልጅ በመስከረሙ መዝገብ ላይ እንዳለ ቢተወው ልፈርድበት አልደፍርም። ያቋረጠ ልጅ የበዛበት ትምህርት ቤት በግምገማ ይወቀሳል፣ ድጎማውም ይቀነስበታል፤ እውነቱን የጻፈ ሁለት ጊዜ ይቀጣል ማለት ነው። በጕባኤ ላይ «ትክክለኛ መረጃ አምጡ» እያሉ መገሠጽ ይህን አይለውጠውም።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ጥቅልና ንጥር የትምህርት ተሳትፎ የሚባሉት ሁለቱ መለኪያዎች የሚቆሙት በዕድሜ ላይ ነውና። የልደት ምዝገባ በአገራችን በሥርዐት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜ ወላጅ «የዚያ ድርቅ ዘመን ልጅ ነው» ሲል መዝጋቢው የሚገምተው ነው። ሕዝቡ ራሱ ከተቈጠረ ደግሞ 1999 ዓ.ም. የመጨረሻው ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው አራተኛው ቈጠራ ተላልፎ ቀረ። ዛሬ ዕድሜው ለሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ቈጠራው ሲካሄድ ገና አልተወለደም። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ከዚህ ዕድሜ ልጆች ይህን ያህል ከመቶው ይማራል ስንል፣ ተማሪውን ከመዝገብ ወስደን ለትንበያ እያካፈልነው ነው፤ በአንዳንድ ስፍራም የዕድሜው ልጆች ብቻ የሚቈጠሩበት ንጥር ተሳትፎ ከመቶ በላይ ሲወጣ የሚያስቀው ሰው የለም፣ ተለምዷልና።

የጥንቱ ትምህርታችን ይህ ሁሉ ቅጽ አልነበረውም። የቆሎ ተማሪው ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ሲዞር፣ የወሎው ደረሳም እንደዚሁ ከአንዱ ሼኽ ወደ ሌላው ኪታቡን ይዞ ሲሄድ መሸኛ የጠየቀው አልነበረም፤ አቋረጠ ብሎ የጻፈበትም የለም፣ መሄዱ ራሱ የትምህርቱ ሥርዐት ነበረና። ይሁን እንጂ መምሬውም ሼኹም የተማሪያቸውን አገሩን፣ የአባቱን ስም፣ እስከምን ድረስ እንደ ዘለቀ ያውቁ ነበር፤ ተማሪውም አዲስ ቦታ ሲደርስ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ለሚያስተምር የዛሬ መምህር እንዲህ ያለው ዕውቀት በሥርዐት ካልታገዘ አይቻለውም።

ልጆቹ የሚሄዱበትን ደጋው ያውቀዋል። ወንዱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ መውረድ የቈየ ልማድ ነው። ደቡብ ወሎ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በዓረብ አገር መንገድ ነው፤ ከጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ተነሥቶ በየመን በኩል ሳዑዲ የሚገባው መስመር በዚህ ዞን ልጅ ያልወሰደበት ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ የተመለሱት ወደዚሁ ወሎ ነበር። ሴት ልጅ ከሆነች ጋብቻው አለ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ሳይሞላት እንዳትዳር ቢከለክልም፣ ከላይ እንዳልነው የልደት ወረቀት በሌለበት አገር 18 ዓመት መሙላቷን የሚመሰክረው የሚድራት ሰው ራሱ ነው። እነዚህን ሁሉ ለማስቀረት የሚያስፈልገው እርዳታ ለየቅል መሆኑ ግልጥ ነው፤ የስንቁ ችግር ያስቀረው ልጅ የሚመለሰው በምገባ ነው፣ የተዳረችው በሕግና በሽማግሌ፣ መተማ የወረደው ደግሞ ምናልባት በጥር ራሱ ይመለሳል። ሮስተሩ ላይ ያለው ቀይ መስመር ለማን ምን እንደሚደረግ አይነግርም፤ መረጃው በጠርዙ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ነበር፣ እዚያው ቀረ።

ካለፈው ዘመን ጋር እናወዳድር የሚል ሰው ደግሞ ሌላ መሰናክል ይጠብቀዋል። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ሁለተኛ ደረጃ ለሁለት ተከፍሎ፣ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ እንደ ወንፊት ሲያገለግል ኖሯል፤ በዚያ የቀረው ልጅ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቀ ተብሎ ይጻፋል እንጂ አቋረጠ አይባልም ነበር። ፈተናው በ2012 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህ ያው ልጅ፣ ያው ዕድሜ፣ ያው ችግር ሳለው፣ በአሥረኛ ቢቀር አቋራጭ ሆኗል። ሁለቱን ዘመን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጦ «ማቋረጥ ጨመረ» ማለት ድካም ብቻ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁኔታ ደግሞ ሒሳቡን ሁሉ አናወጠው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ በዚያው ኅዳር መንግሥት የአገሪቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ዘግቶ ተማሪዎቹ የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ ባዘዘ ጊዜ፣ በየዓመቱ በኅዳር ቀሪ እየተባለ የሚጻፍበት የገበሬ ልጅ የዚያን ዓመት አጨዳው በአዋጅ ሆነለት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ ደግሞ ከቀድሞው ሁሉ የከፋውን አመጣ። በ2017 ዓ.ም. የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ለመመዝገብ አቅዶ ሳለ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን አስታወቀ። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ አቋረጠ ይባላልን? በሩ ተዘግቶ ነው እንጂ እርሱማ አላቋረጠም። በቅጹ ቋንቋ ግን ወይ ተመዝግቧል፣ ወይ አልተመዘገበም፤ ካልተመዘገበም ዘንድሮ መጠነ ማቋረጥ ውስጥ ሊገባ አይችልም፣ ለማቋረጥ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋልና። ስለዚህ ትምህርት ፈጽሞ በጠፋበት ዓመት መጠነ ማቋረጡ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለውን አኃዝ ከነማብራሪያው ካልሆነ ብቻውን ማተም ተገቢ አይመስለኝም።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ የሚያስፈልገው መሣሪያ አብዛኛው በእጅ አለ። መሸኛ አለ፤ የጐደለው ምላሹ ነው። ዛሬ ልጁ መሸኛውን ከሪከርድ ክፍል ይወስዳል፣ ቀሪው ጉርድ በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ልጁ የደረሰበት ትምህርት ቤት ግን «ደርሶናል» ብሎ የሚልከው ነገር የለም። ያ አንድ ምላሽ፣ በስልክም ይሁን በቴሌግራም፣ ቢጨመር በምሳሌያችን ላይ ካየናቸው 24 ልጆች ገሚሱ ወዲያው ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ የልጁ መለያ ቍጥር ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ዛሬ ፋይዳ የሚባለውን ቍጥር ለነዋሪ ሁሉ አቅዷልና፣ ያው ቍጥር ዘጠነኛ ክፍል ሲመዘገብ ከተጻፈበት በደሴም በአዲስ አበባም ያው ልጅ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ስል ጥንቃቄ የሚሻ ነገር መኖሩን አልዘነጋሁም፤ ታጣቂና መንግሥት በሚፈላለጉበት አገር ወጣቶች የት እንዳሉ በቍጥር የሚያሳይ መዝገብ ለምን እንደሚውል ወላጅ ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ጥርጣሬው ካልተወገደለትም ልጁን ሳያስመዘግብ ይቀራል። መዝገቡ በትምህርት ቤትና በትምህርት ቢሮ እጅ ብቻ እንዲቈይ በሕግ መወሰን ያለበት ቍጥሩ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ድጎማውም ቢሆን በመስከረም ብቻ ሳይሆን በጥርም በሰኔም በተቈጠረ ልጅ ቢተመን፣ ልጁን ፈልጎ የመለሰ ርእሰ መምህር ቢጠቀም እንጂ ባይጐዳ፣ የጠርዙ ጽሑፍ ወደ ሮስተሩ የሚገባበት ምክንያት ይኖረው ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የተመላሹ ነገር ነው፤ የሚመጡት ዓመታት ጥያቄም እርሱ ይሆናል። በዘጠነኛ ክፍል ሳለ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት፣ ሁለት ዓመት ከብት ሲጠብቅ ወይም ሲነግድ ቈይቶ፣ አሁን 18 ዓመት ሞልቶት ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ከየትኞቹ ጋር ይቈጠር? ከመጀመሪያ ባልንጀሮቹ ጋር ካልነው በጊዜው ያልጨረሰ ነው፤ ከአዲሶቹ ጋር ካልነው የፊተኛው ትምህርት ቤት አቋራጭ ሆኖ ይቀራል፤ ደጋሚ ብንለው አልወደቀም። አሜሪካኖቹ ከአራቱ ዓመት ሒሳብ ሌላ የአምስትና የስድስት ዓመት ሒሳብ ለብቻው በመሥራት የዘገየውን ልጅ ከጠፋው ይለዩታል፤ ለእኛም ይህ ይበጀናል እላለሁ፣ እንዲያውም እስከ ስምንት ዓመት ድረስ ቢዘረጋ ለጊዜያችን አይበዛም። በቅጹ ላይ ግን መጀመሪያ አንድ ዐምድ መጨመር አለበት፤ «አዲስ»፣ «ደጋሚ»፣ «ተዛዋሪ» ከሚሉት ጐን «ተመላሽ» የሚል፣ ከየትኛው ክፍልና በየትኛው ዓመት እንደ ወጣ የሚጻፍበት። ይህ ዐምድ ከምዝገባው ጋር አብሮ ካልተሞላ በኋላ ተመልሶ ሊሞላ አይችልም፤ ልጁ ዓመተ ምሕረቱን የሚያስታውሰው፣ የቀድሞውም ሮስተር ሳይቃጠል ወይም ሳይጠፋ በመዝገብ ቤት የሚገኘው፣ አሁን ነው።